የሙልሳን ዘይት

በሙልሳን መንደር «ዘይት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛውን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን መንደራችን ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። አንድ ሰው ያልሆነ ነገር አምኖ የሰው መሳቂያ ሲሆን «ዘይት ፈሰሰበት» ይባላል። ልጅ ሆዴን አመመኝ ብሎ ከትምህርት ቤት ሲቀር እናቱ «ዘይት ነው» ትላለች፤ ምክትል ከንቲባው መንገዱ በቅርቡ ይጠገናል ሲልም ጎረቤቶቼ እርስ በርስ ተያይተው ይህንኑ ይላሉ። ሰዋስው ባስተማርኩባቸው ዓመታት አባባሉን ከተማሪዎቼ ድርሰት ውስጥ በቀይ ቀለም ስሰርዝ ኖሬያለሁ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ በራሱ ስሕተት አይደለም። አደጋው ያለው ሁለተኛው ትርጉም የመጀመሪያውን የዋጠው ጊዜ ነው።

ይህን ቃል ለመንደሩ የሰጠው ኦክታቭ ፖቲዬ ነው።

ኦክታቭ ባለ ሉካንዳ ነበር፤ ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው። በእኛ አገር ሰው ቅዳሜ ጠዋት በገዛ ስቡ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለውን፣ ዳቦ ላይ የሚቀባውን የአሳማ ሥጋ ሳይገዛ ወደ ቤቱ አይመለስም። የኦክታቭን ለመግዛት ደግሞ ከሩቅ መንደር የሚመጡ ነበሩ። ሰፊ ትከሻና ቀይ ፊት ያለው፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። በልጅነቱ እኔ ዘንድ ሲማር የንባብም የጽሕፈትም ችግር አልነበረበትም፤ ጉድለቱ ሌላ ነው። በቁም ነገርና በቀልድ መካከል መስመር ማስመር አይወድም ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። ሲወጣም እየሳቀ ነበር።

በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የገጠር መንገዳችን የእኛ መሆኑ ይቀራል። እንጨት የጫነ ጋሪና የዳቦ ጋጋሪው ብስክሌት የሚመላለሱበት ያው መንገድ በገመድና በአፈር ክምር ይታጠርና፣ የውድድር መኪኖች ቀኑንም ሌሊቱንም ይሽከረከሩበታል። ከሌማን ከተማ ዳር ተነሥቶ በጥድ ደን መካከል ወደ እኛ የሚመጣው ቀጥታ መንገድ እጅግ ረጅም ነው። ነጂዎቹ ሞተሩ የሰጣቸውን ፍጥነት ሁሉ እዚያ ላይ ይለቁታል፤ መጨረሻው ላይ፣ ከመንደራችን ደጃፍ፣ ፍሬን ረግጠው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ፍሬን ለማይይዝለት ሰው ከመታጠፊያው ወዲያ የሚጠብቀው የአሸዋ ክምር፣ ከአሸዋው ወዲያ ደግሞ ዛፍ ነው።

በዙሩ ውስጥ መኪኖቹ እንደዚያ ፍጥነት የሚቀንሱበት ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ የምልክት ሰጪዎች ጎጆዎች ከመታጠፊያው ዳር፣ ከአጭር ግንብ ጀርባ ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጎጆ፣ በጎጆው ውስጥ ከጥገና ጣቢያው ጋር የሚያገናኝ አንድ ስልክ፣ ከስልኩ አጠገብ አንድ ሰሌዳ አለ። ምልክት ሰጪው አለቃው በስልክ ያዘዘውን በሰሌዳው ላይ ይሰካና ነጂው ሲያልፍ ያሳያል። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት «ፍጠን» ነው፤ ወደ ታች የሚያመለክተው «ቀስ በል»። ወደ ጥገና ጣቢያው መግባት ያለበት ነጂ «ቁም» የሚል ይወጣለታል። ምልክት ሰጪ የታዘዘውን እንጂ የራሱን ሐሳብ አይጽፍም።

ኦክታቭ ምልክት ሰጪ ሆኖ የሚቆመው ለሙሴ ኮርቢኖ ነበር። ሙሴ ኮርቢኖ፣ በእኛ ቋንቋ «ሙሴ» «አቶ» ማለት ነው፣ የመንደራችን ባለ ጋራዥ ናቸው። በአጠገቡ ባለው ጎጆ የምትቆመው ሶላንዥ ትሩያር ስትሆን፣ እርሷ የምትሠራው የጎረቤት መንደራችን የአርናዥ ባለ ጋራዥ ለሆኑት ለሙሴ ብሬኦ ነው። ባሏ አርሴን የብሬኦን መኪና ይነዳል። ሶላንዥ በሥራ ቀን በፖስታ ቤት የስልክ መሥመር አገናኝ ነበረች፤ የሰማችውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ማስተላለፍ ሙያዋ ነው።

ኮርቢኖና ብሬኦ ከአንድ ባለሙያ ሥር ሙያ ተምረው፣ አንድ ጋራዥ በሽርክና ከያዙ በኋላ፣ በአንድ የሞተር ክዳን የተነሣ ተጣሉ። የክዳኑ ቅርጽ ሐሳብ የማን ነበር የሚለው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ትንንሽ ሰማያዊ መኪኖች እየሠሩ በትንሹ የሞተር ምድብ ይወዳደሩ ጀመር። ታላላቆቹ መኪኖች እንደ ቆመ ዕቃ ትተዋቸው ያልፋሉ። ሆኖም በየዓመቱ ሰው በደኑ ውስጥ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ሙልሳን መታጠፊያ የሚመጣው ታላላቆቹን ለማየት አልነበረም። ስለ ታላቅ ፉክክር የሚጽፉ ሰዎች ፍጥነትንና ዋንጫን ይቆጥራሉ፤ በእነዚህ ሁለት መኪኖች ዘንድ የሚቆጠር ፍጥነትም ዋንጫም አልነበረም። የነበረው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በዝናብም በጠራራም አንዱ የሌላውን ጀርባ ሳያጣ ይውላል ያድራል። መንደሩም አብሯቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የብሬኦ ደጋፊዎች ከኦክታቭ ላለመግዛት ሲሉ ለሥጋ አርናዥ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከእነርሱ መካከል በኦክታቭ ሱቅ የምትታየው ሶላንዥ ብቻ ነበረች።

ሰው የሚመጣበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የሁለቱ ጎጆዎች ንግግር።

«ሶላንዥ፣ ባልሽ ሲያልፍ እንቅልፍ ወስዶት ነበር እኮ። ስሙን ጥሪና ቀስቅሺው» ይላል ኦክታቭ።

«አንተ ቋሊማህን ሙላ።»

«እኔ የምልሽ፣ በፖስታ ለምን አትልኪውም? ቴምብር ለጥፈሽበት። በፖስታ ቶሎ ይደርሳል።»

በግንቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ይስቃል፤ ሶላንዥም ሳቋን ለመደበቅ ወደ ስልኩ ትዞራለች። ከዚያ ቀጥሎ ኦክታቭ ከቅርጫቱ ዳቦና ያን የአሳማ ሥጋ አውጥቶ በግንቡ ላይ ያቀብላታል። ጠላትነታቸው ይህን የመሰለ ነበር።

አንድ ዓመት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አርሴን ይመራ ነበር። የኮርቢኖ ነጂ ሌዮንስ ከኋላው ነው። ኦክታቭ በድንገት ግንቡን ዘልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሶላንዥ ጎጆ ገባ። ከአርሴን መኪና ሥር ዘይት እንደ ውሃ እየወረደ ነው አላት። በእናቱም ማለላት። ሶላንዥ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለሙሴ ብሬኦ ደወለች፤ «ቁም» አወጣች፤ አርሴን ገባ። መካኒኮቹ ከመኪናው ሥር ተኝተው ሲፈልጉ ሌዮንስ አልፎ ሄደ። ከመኪናው ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሶላንዥ ኦክታቭ ላይ አንድ ማሰሮ ሥጋ ወረወረች፤ ሳተችው፤ በመጨረሻም ራሷ ሳቀች። ወሬው በወረዳው መጠጥ ቤቶች ሁሉ ተዳረሰ። በቀጣዩ ዓመት ሰው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ አርሴን ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮውን በዱላ ይቀጠቅጣል። ቃሉም ሁለተኛ ትርጉሙን ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ትንንሽ መኪኖች ዝነኛ ያደረገው ድል አልነበረም፤ ይህ ቀልድ ነበር። ኦክታቭም ኮራበት። እኔ መንገድ ላይ አግኝቼው፣ በእናት ስም የማለ ሰው ሲፈልግ የሚምልበት ሌላ ነገር እንደማይቀረው ነግሬዋለሁ። «መምህር፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

ጨዋታው ዓመታት ቆየ።

የምነግራችሁ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከደኑ ሥር ጉም ተነሣ። ሌሊቱን ያነጉት ተመልካቾች ብርድ ልብስ ተከናንበው በግንቡ ላይ ተኮራምተዋል። ከቀጥታው መንገድ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ከዚያ ቢጫ መብራት በጉሙ ውስጥ ይፈካል፤ መኪናው ራሱ የሚታየው ሊታጠፍ ሲል ነው። ለጥቂት ቅጽበት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። 

አርሴንና ሌዮንስ እንደ ልማዳቸው ተከታትለው መጡ። ሶላንዥ የያዘችውን ሰዓት አየች፤ ከዚያም የባሏን ፊት። ሁልጊዜ የምታየው እነዚህን ሁለቱን ነው። ኦክታቭ ግን መኪናውን ያያል። አርሴን ሲታጠፍ የሌዮንስ ቢጫ መብራት የፊተኛውን መኪና የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል አበራው። በዚያ ጉም ውስጥ ሁሉም ነገር ረጥቧል፤ ጎማውም፣ ቆርቆሮውም፣ የኦክታቭ የገዛ ሽርጥም። ሆኖም ዕድሜውን ከስብ ጋር የኖረ ሰው የውሃንና የቅባትን ነጸብራቅ አይስተውም። በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚያበራው ውሃ አልነበረም።

«ሶላንዥ» አለ።

«አቤት።»

«የአርሴን የኋላ ጎማ ላይ ዘይት አለ።»

እርሷ ከመመለሷ በፊት በግንቡ ላይ ያሉት ሰሙ። አንዱ ቆርቆሮውን አነሣና መታው፤ ሌላው ተከተለው። በጉሙ ውስጥ የቆርቆሮው ድምፅ እንደ ተሰነጠቀ ደወል ነበር። ሶላንዥ ሳቀች።

«ገና በጠዋቱ? ቁርስ እንኳ ሳትበላ?»

«የፍሬን ዘይት ነው እያልኩሽ ነው። እየቀለድኩ አይደለም።»

«ያን ጊዜም እየቀለድክ እንዳልሆነ ምለህልኝ ነበር።»

 ኦክታቭ በእናቱ ሊምል አስቦ ነበር። ያን መሐላ ግን ተጠቅሞበታል።

በሚቀጥለው ዙር ሁለቱ መብራቶች ሲመጡ የፊተኛው ከልማዱ ዘግይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። አርሴን ወደ መታጠፊያው ሲገባ የመኪናው አፍንጫ ወደ ውጪ ሄደ፤ መለሰው፤ ወጣ። ተመልካቹ ጥሩ ድፍረት መሰለውና አጨበጨበ። ኦክታቭ ግንቡን ዘልሎ የሶላንዥን ክንድ ያዘ። እርሷ እጁን ቀስ ብላ አስለቀቀች፤ ቁጡ አልነበረችም፤ የደከማት ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ ባሏን አስቁማ ዓመታት ሙሉ መሳቂያ መሆኗን፣ ሁለተኛ ካደረገችው አርሴን ይቅር እንደማይላት ነገረችው። ወደ ጎጆው እንዲመለስ ለመነችው።

ተመልሶ ለሙሴ ኮርቢኖ ደወለ። ከጥገና ጣቢያው ሆነው ወደ ብሬኦ ሰዎች ሄደው እንዲነግሩለት ጠየቃቸው። ኮርቢኖ በስልኩ ውስጥ ሳቁ።

«ጎበዝ። ቀጥልበት፤ ምናልባት ዘንድሮም ታምንህ ይሆናል።»

«ሙሴ ኮርቢኖ፣ እውነቴን ነው። የአርሴን የፍሬን ዘይት ሊያልቅበት ነው።»



«እውነትህን ከሆነ ደግሞ» አሉ ኮርቢኖ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኛ ጉዳይ አይደለም። አንተ ለሌዮንስ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት አውጣለት።»

ይህን ትእዛዝ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ኮርቢኖ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በመንደሩ ቀብር ሁሉ ይገኛሉ። ነገር ግን ሌዮንስ ከፈጠነ አርሴንም ይፈጥናል፤ ከፈጠነም ፍሬኑን ይበልጥ ዘግይቶ ይረግጣል። ኮርቢኖ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለት ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲፎካከሩ አንዳቸው በሌላው እግር ነዳጅ መርገጥ ይችላሉ።

ኦክታቭ ስልኩን ሰቀለና ሰሌዳውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ቆመ። ከቀጥታው መንገድ ድምፁ ተነሣ። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ከሳጥኑ አወጣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

አርሴን መጣ፤ ፍጥነቱ አልቀነሰም። ማርሹን ዝቅ ሲያደርግ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው በጎኑ ተንሸራትቶ የአሸዋውን ክምር ገጨው፤ አሸዋው በጎጆዎቹ ጣራ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። በሆነ መንገድ ወደ መንገዱ ተመለሰና ሄደ። ቆርቆሮዎቹ ከቀድሞው በርትተው ተቀጠቀጡ። ሶላንዥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ነበር።

ሌዮንስ ወዲያው ተከትሎ ታጠፈ። ኦክታቭ ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ያዘ። በሰሌዳው ላይ «ቁም» የሚል ብቻ ነበር። ሌዮንስ አንገቱን አዙሮ፣ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ኦክታቭ ሰሌዳውን አላወረደም።

ሶላንዥ አየች። ከሌዮንስ በስተቀር ሰሌዳውን ያየችው እርሷ ብቻ ነበረች፤ ተመልካቹ የሚያየው ጀርባውን ነው። ጤነኛ መኪና፣ ከፊቱ ከሚመራው መኪና ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ ያለ ትእዛዝ ሲቆም በዚያ መታጠፊያ ታይቶ አይታወቅም።

«ምን አደረግክ?» አለችው።

«ሌላ የምምልበት የለኝም» አለ ኦክታቭ።

ሶላንዥ ወደ ስልኩ አልሄደችም። «ቁም» የሚለውን ከሳጥኗ አውጥታ ሰካች። ሰሌዳውን ይዛ ግንቡን ተሻገረች፤ መሻገር ክልክል ነው፤ በመንገዱ ጠርዝ ቆመች። በግንቡ ላይ ያሉት ሰዎች ቆርቆሮውን አቆሙ። ለምን እንዳቆሙ ኋላ ጠይቄያቸው የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው። ትልልቆቹ መኪኖች አንድ በአንድ ከጉሙ ወጥተው አለፉ፤ ድምፃቸው ሲመጣ አርሴን ይመስላል፤ ከዚያም እርሱ አይሆንም። ቀጥታው መንገድ ላይ ለአርሴን የቀረለት ዘይት በእያንዳንዱ የፍሬን ረገጣ እያነሰ እንደሚሄድ ኦክታቭና ሶላንዥ ያውቁ ነበር፤ እርሱ ግን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ አልተቀበለውም።

ብቻውን መጣ። በስፖኪዮው ውስጥ ሌዮንስን ስላጣው ቀድሞውኑ ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ ነበር፤ ያዳነው ይህ እንደሆነ ሌዮንስ ኋላ ሲናገር ሰምቻለሁ። በማርሽ ብቻ እየጎተተ፣ መንገዱን ሁሉ ተጠቅሞ ታጠፈ። መጀመሪያ የሚስቱን ሰሌዳ አየ። አላመነም፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሁለተኛው ጎጆ ሄደ። ኦክታቭም ያንኑ ቃል ይዞለት ቆሟል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የሶላንዥ ስልክ ጮኸ። ሙሴ ብሬኦ ነበሩ። መኪናው ከጥገና ጣቢያው ማዶ የእንጨት አጥር ተደግፎ መቆሙን፣ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ውስጥ ጠብታ አለመገኘቱን ነገሯት። ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለኦክታቭ ነገረችው። ኦክታቭ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የዚያን ዓመት ምድቡን ያሸነፉት ማንም ያልጠበቃቸው ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። የሌዮንስን ጤነኛ መኪና መካኒኮች ፈትሸው እስኪጨርሱ ብዙ ዙር አምልጦት ነበር። ሙሴ ኮርቢኖ አልጮኹም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሉካንዳው መጥተው የጎጆውን ቁልፍ ጠየቁ፤ ኦክታቭ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮርቢኖ ደጋፊዎች ከእርሱ መግዛት ተዉ። የብሬኦ ደጋፊዎችም አልመጡም፤ አርናዥ መሄድ ለምደውት ነበር። አርሴን ራሱ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነም፤ ያ ሥጋ ሻጭ ባይኖር ውድድሩን በማርሽ ይጨርሰው እንደነበር በየመጠጥ ቤቱ ይናገር ነበር። በመንደሩ ደግሞ ነገሩ ሲወራ ቅርጹ ተለወጠ። ኦክታቭ ዘንድሮም ሊያታልል ሞክሮ፣ ተምታቶበት የራሱን መኪና አስቆመ፤ ዘይቱ በራሱ ላይ ፈሰሰ። ተማሪዎቼ ይህን በድርሰት ጽፈው አመጡልኝ። ሰዋስዉ ትክክል ነበር፤ የምሰርዘው ነገር አላገኘሁም።

ኮርቢኖ ለቀጣዩ ዓመት መኪና እንደማያስገቡ አስታወቁ። አርሴን ግን ተመዘገበ።

ሶላንዥ በጸደይ አንድ ቅዳሜ ወደ ሉካንዳው ሄደች። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር፤ ሱቁ ባዶ ስለነበረ ተራ የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም። በውድድሩ ቀን ወደ ጎጆዎቹ እንዲመጣላት ለመነችው። ሰሌዳ መያዝ አያስፈልገውም፤ ቆሞ ማየት ብቻ።

«አልመጣም» አለ ኦክታቭ።

«ተቀይመኸን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለአርሴን ስትል። አንተ ባታይለት ኖሮ...»

ኦክታቭ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ያየሁት የምወደው ስለሆነ መሰለሽ እንዴ? ላሸንፈው ፈልጌ ነው ያየሁት። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ብሎን ትላላ፣ አንዲት ነገር ትበጠስ እያልኩ ነው ሳየው የኖርኩት። አሁን እንዲሸነፍ አልፈልግም። ካልፈለግኩ ደግሞ ብቆምም ምንም አላይም፤ እንደ አንቺ ፊቱን ነው የማየው።»

ሶላንዥ የገዛችውን ረስታ ወጣች።  ስለ ታላቅ ፉክክር ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ባለ ሉካንዳ የተሻለ የነገረኝ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቼ ስለ ጠላት ሳስተምር ቃላቴን መምረጥ ጀመርኩ።

በሰኔ እሑድ ጎህ ሲቀድ ጉም አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከጥዶቹ መካከል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተለይቶ ይታያል። በአጠገቧ ያለው ጎጆ በኮርቢኖ ቁልፍ ተዘግቷል። ተመልካች ጥቂት ነበር፤ ቆርቆሮ ያመጣ የለም። አርሴን በምድቡ ብቻውን ይመራ ነበር፤ ከኋላው የሚከተለው መብራት የለም። ሶላንዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትታ መኪናውን ለማየት ወሰነች። በየዙሩ ጎማዎቹን አየች። በአንዱ ዙር የኋለኛው የሚወዛወዝ መሰላት፤ በሌላው ከሥሩ የሆነ ነገር ያበራ መሰላት፤ ፀሐይዋ ልትሆን ትችላለች። በአጠገቧ የምትጠይቀው ሰው የለም። ባየች ቁጥር የሚወዛወዘው በዛ። በመጨረሻ ሁሉም ጎማ፣ የሚያልፈው የማንኛውም መኪና ጎማ፣ ሊወጣ የደረሰ መሰላት።

ስልኩ አልጮኸም፤ ያዘዛት የለም። «ቁም» የሚለውን ሰክታ አወጣች።

አርሴን አይቷት ገባ። መካኒኮቹ መኪናውን አንሥተው ጎማዎቹን ሁሉ ፈቱ፤ ምንም አላገኙም። ተመለስ ሲሉት አርሴን የራስ መከላከያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በአጥሩ ጀርባ፣ በደኑ መንገድ፣ በእግሩ እስከ ሙልሳን መጣ። ሚስቱ ጎጆዋን ስትዘጋ ደረሰ። ምን እንዳየች ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ አልተነጋገሩም፤ እርሱም ዳግመኛ መሪ ላይ ተቀምጦ አልተወዳደረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶላንዥ ሉካንዳው ገብታ ሁሉንም ነገር ለኦክታቭ ነገረችው። እርሱ የገዛችውን ሥጋ በወረቀት እየጠቀለለ ሰማት። ክሩን ሲያስር እጁ ቆመ።

«የፈተሸው ማን ነው?» አላት።

«የብሬኦ መካኒኮች ናቸዋ።»

«እንዲሸነፍ የሚመኝ ሌላ ማንም አላየውም?»

«ሌላ ማን አለ?»

 ኦክታቭ በመስኮቱ የብሬኦ ጋራዥ ወዳለበት ወደ አርናዥ መንገድ ተመለከተ። መኪናው ግን በዚያው ሳምንት ለአንድ የሩቅ አገር ወጣት ተሸጦ፣ በባቡር ተጭኖ ሄዶ ነበር።